የብርቅነሽ ተቀባይ

ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መሐል ሜዳ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ገበያ ላይ የሚያገኘኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬም፣ "አዲስ አበባ ትዘፍኚ ነበር አሉ፤ ያንቺ ዘፈን የትኛው ነው?" ይለኛል። የኔ የሚባል ዘፈን የለም። እኔ ተቀባይ ነበርኩ። ዘፋኟ ስታወጣ የምቀበል፣ ከኋላ ቆሜ የማጨበጭብ፣ ስሜ በካሴቱ ሽፋን ላይ ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ፣ አንዳንዴም የሚረሳ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቅር የመሰኘት ነገር አያለሁ። ለእኔ አዝነው ነው መሰለኝ። ማዘን አያስፈልግም። በዕድሜዬ የሠራሁት ሥራ እሱ ነው፤ ወድጄው ነው የሠራሁት። ከፊቴ የቆመችው ሴትና ሥራውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ግን ሊወራላቸው የሚገባ ሰዎች ናቸው፤ ይህን የምጽፈውም ለእነሱ ብዬ ነው።

ሥራውን ያቆምኩት ተጣልቼ ወይም ታምሜ አይደለም። ባለፈው ዓመት ብርቅነሽ አንድ ዘፈን ልትቀርጽ ስቱዲዮ ገባን። የስቱዲዮው ባለቤት ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አንድ ነገር ላሰማሽ አለኝ። የብርቅነሽን ድምፅ በኮምፒውተሩ አባዝቶ፣ አንዱን ወፍራም አንዱን ቀጭን አድርጎ፣ ከራሷ ድምፅ ኋላ አሰለፈው። ስድስት ሴቶች የሚቀበሏት ይመስላል። አዳመጥኩት፤ እንከን የለውም። ሁሉም እኩል ይገባል፣ እኩል ይወጣል፣ አንዷም ትንፋሽ አያጥራትም። ብርቅነሽ ጆሮዋ ላይ ያደረገችውን ማዳመጫ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ አለች። ሰውዬው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት ግን የማቆሚያዬ ጊዜ መድረሱ ገባኝ። የሚገርመው አልከፋኝም። ብዙ ዘፍኛለሁ፤ እግሬም መድረክ ላይ መቆም ሰልችቶታል። ወንድሜ መሐል ሜዳ ላይ ያቆየልኝ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ዕቃዬን ጭኜ መጣሁ።

ብርቅነሽን ያወቅኋት እዚሁ መሐል ሜዳ፣ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ነው። እሷ የዘመሮ አካባቢ ልጅ ናት። ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄድና እሑድ ማታ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ድምፅዋ እንደ ሌላው ልጃገረድ ድምፅ አልነበረም። ሻካራ ነው፤ ከማዶ ሰው የምትጣራ ይመስላል። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ኃላፊ ለመዝሙር ሲመርጠን እሷን ከመስመር አውጥቷት ነበር። የሌሎቹን ድምፅ ትውጣለች ብሎ ነው። እኔ ተመርጬ ነበር፤ የኔ ድምፅ ከማንም ጋር ይስማማል።

ያስተዋወቀን አንድ ሠርግ ነው። የክፍላችን ልጅ እህት ስትዳር ሁላችንም ተጠርተን ሄድን። ዳሱ ውስጥ ወንዶቹ ቀረርቶ ያሰማሉ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ቀረርቶ የሚያሰማው የሙሽራው አጎት ገና በጊዜ ድምፁ ተዘጋና አፉን ይዞ ቁጭ አለ። የሚተካው ጠፋ። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ብርቅነሽ ከሴቶቹ መሐል ቆመች። ቀረርቶ የወንድ ነገር ነው፤ ሴት ልጅ ቆማ ስታሰማ እዚያ ዳስ ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም። እሷ ማንንም ሳታይ ጀመረች። አንድ ስንኝ ስትጨርስ ዳሱ ዝም አለ፤ ማን እልል ይበልላት? እልልታው ለወንዶቹ ነበር የተዘጋጀው። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ዝምታው አስፈራኝና የስንኙን መጨረሻ ተቀብዬ መለስኩላት። ለምን እንዳደረግሁት እስካሁን አላውቅም። እሷ ዞር ብላ ሳታየኝ ሁለተኛውን ስንኝ ቀጠለች፤ እኔም ተቀበልኩ። አራተኛው ላይ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው ሊፎክሩ ተነሡ። የሙሽሪት አባት ኋላ ላይ ጠርተው መርቀዋታል። እናቴ ግን ቤት ስገባ ያቺን ወፈፌ ልጅ እንዳትከተያት ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ተከተልኳት። ትምህርት እንደጨረስን ደብረ ብርሃን ላይ የባህል ቡድን ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምተን በአንድ አውቶቡስ ወረድን። ፈተናውን የሚሰጡት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ሲነፉ ኖረው፣ ባንዱ ሲበተን ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸው የማይሰማ። ፈታኝ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡን። ዘፋኝ ሲያዩት ያታልላል ይሉ ነበር፤ ፊቱ አያገባኝም፣ ጆሮዬ ነው የሚቀጥረው። ብርቅነሽ ዘፈነች፤ እንደ ለመድነው እኔ ተቀበልኳት። ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ "ከኋላ ያለችው ማን ናት?" ብለው ጠየቁ። ስሜን ነገርኳቸው፤ የሺመቤት አልኩ። "ለፈተና ተመዝግበሻል?" አሉኝ። አልተመዘገብኩም ነበር፤ እሷን ላጅብ ነው የመጣሁት። "አሁን ተመዝግበሻል" አሉ። ወደ ሥራ ዓለም የገባሁት በዚህ መንገድ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የማወራለት የለውም።

የጋሽ ደምሴ ልማዶች አሁንም አብረውኝ አሉ። አዲስ አዳራሽ ስንገባ፣ ዕቃ ሳይወርድ፣ ሰው ሳይቀመጥ፣ ብቻቸውን መሐል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ያዳምጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ስፒከሩ የት ይቀመጥ፣ እናንተ የት ቁሙ የሚሉት። ሜዳ ላይ ስንሠራ ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ ማይክ አያስተክሉም። መራቤቴ ስንወርድ ሙቀት ነው፤ ድምፅ ይለጠጣል። ግሼ ራቤል ስንወጣ ብርዱ ጉሮሮ ያንቃል። ስለዚህ ራቤል ላይ ዘፈኑን ሁሉ ዝቅ አድርገው ያስጀምሩናል፣ ሞቅ ያለ ውኃ በፔርሙዝ ያሲዙናል። ዳገት ላይ እየተራመድን ያዘፍኑን ነበር። ትንፋሻችን ሲያልቅ፣ ሳንቆም ከየት እንደምንሰርቅ ያሳዩናል። ደህና ነው ብለው አያውቁም። ደህና ሲሆን የሸሚዛቸውን እጅጌ ያስተካክላሉ፤ እኛም እጅጌያቸውን ነበር የምናየው።

ለእኔ ለብቻዬ ያስተማሩኝ ደግሞ አለ። ሰው መቀበልን መድገም ይመስለዋል። እሷ ያለችውን መልሶ ማለት። ጋሽ ደምሴ ይህን አይወዱም ነበር። ቃሏ መሬት ሳይወድቅ ያዢው ይሉኛል። የመጨረሻው ፊደል ገና አፏ ውስጥ እያለ መግባት አለብኝ፤ ቀድሜ ከገባሁ እገፋታለሁ፣ ዘግይቼ ከገባሁ ብቻዋን ትቀራለች። ለዚህ ዓይን ያስፈልጋል። እኔ የማየው የብርቅነሽን የቀኝ ትከሻ ነበር። ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ ይላል፤ ስንኙን ልታስረዝም ከሆነ በጣም ከፍ ይላል፤ ልትቆርጠው ከሆነ አይነቃነቅም። ተቀባዮች ሦስት በሆንን ጊዜ ደግሞ ቃሉ በ"ስ" ወይም በ"ሽ" ሲያልቅ አንዳችን ብቻ እንድንለው አደረጉ። ሦስታችንም ካልነው ማይኩ እንደ እባብ ያፏጫል። የ"ስ" ባለቤት እኔ ነበርኩ። ሰው ሊስቅ ይችላል፤ እኔ ግን ዘፈን በሬዲዮ ስሰማ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የማዳምጠው "ስ"ዋን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብርቅነሽ ቡድኑን ልልቀቅ አለች። አዲስ አበባ ሦስት ሙዚቀኛ ልጆች አግኝታ ነበር፤ ሁለቱ ጊታር፣ አንዱ ድራም ይመታሉ። አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ በመኪናና በጎማ መሐል ነበር የሚለማመዱት። ጊታራቸውን እንደ ብረት መቁረጫ የሚያስጮህ መሣሪያ ነበራቸው። የዘመሮን ቀረርቶ በዚያ ጩኸት ላይ ልታሰማ ነው ሐሳቧ። ጋሽ ደምሴ ሲሰሙ አልተቆጡም። የሺንም ይዘሻት ሂጂ አሏት፤ ብቻሽን ከሆንሽ ድምፅሽን ትጨርሽዋለሽ።

ያ ዘመን የዕብደት ዘመን ነበር፤ እኔ ግን እንደዚያ የኮራሁባት ጊዜ የለም። ራሷን ተላጨች። የወንድ ጃኬትና የወታደር ጫማ አደረገች። መድረክ ላይ ስትወጣ ሰላምታ የለም፣ እንደምን አመሻችሁ የለም፤ በቀጥታ ትጮኻለች። ሰዉ ግማሹ ጆሮውን ይዞ ይወጣል። የሚቀረው ግን ቆሞ ይቀራል፤ በሳምንቱ ደግሞ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ቀረርቶ ማለት ፈርቶ የማያውቅ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ነው። አንዲት የገበሬ ልጅ፣ ቤት ተከራይታ የተማረች፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ የገባች፣ ስለ ራሷ እንደዚያ ስትናገር ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ነገር ሰምተውበታል። ልብስ ሰፊዎች፣ የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ነርሶች ይመጡ ነበር። የእኔ ሥራ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ቃሏን ይዞ መቆየት ነበር። ጊታሩ ሲውጣት እኔ እደግመዋለሁ፤ እሷ የጮኸችውን እኔ በግልጽ እናገረዋለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው ሰሙን። ስንጨርስ ወደ እኛ መጡ። ልጆቹ ሽማግሌ ሊገሥጻቸው መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ደምሴ ጩኸቱን እንደወደዱት ተናገሩ። ከዚያ ለብርቅነሽ፣ "የምትጮኺለት ነገር ካለሽ ሰው ይስማው። ለመጮህ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ይበቃሉ" አሏት። በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ልጆቹ ስንኝ ላይ ጊታራቸውን ገታ አድርገው እንዲይዙ፣ ስንኙ ሲያልቅ እንዲለቁት ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ዘፈኖቹን በቃሉ መያዝ የጀመረው።

በዚያው ሰሞን ለገና አገራችን ገባን። ብርቅነሽ ራሷ እንደተላጨ ነው። መነኻሪያ ስንወርድ እናቷን የሚያውቁ አንዲት እናት አዩዋትና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ አቀፏት። በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ፣ ማን ነው የሞተው ይሏታል። ማንም አልሞተም እማማ፣ ለሥራ ነው ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ደንግጠው፣ "ምን ዓይነት ሥራ ነው ራስ የሚያስላጭ?" አሉ። መንገዱን በሙሉ ስንጽናና ሄድን። ዘመሮ ስንደርስ አባቷ በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የሚቆጡ መስሎኝ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ። እሳቸው የራሳቸውን የሱፍ ቆብ አውልቀው ጭንቅላቷ ላይ አደረጉላትና ብርዱ ይመታሻል ብለው ወደ ቤት ገቡ። ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ስታለቅስ ያየኋት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ቀስ በቀስ ተበተኑ፤ አንዱ ውጭ ሄደ፣ አንዱ ትዳር ያዘ። ብርቅነሽ ፀጉሯን አሳደገች። አንድ ቀን ያለ ጊታር፣ በኪቦርድ ብቻ፣ እንደ ቀልድ የቀረጸችው ዘፈን ነበር።

መንገዱ ደረቀ፣ ዝናቡ አባራ፣
ምን ይዞህ ነው አሁን ከማዶ ተራራ?

የሚል። ግጥሙን ያወጣነው ሁለታችን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ዝናብ እስኪያባራ ስንጠብቅ ነው። ይህ ዘፈን አገሩን ሁሉ ያዘው። ሚኒባሱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሠርጉ፣ የትም ሄደን እሱ ነበር። የድሮዎቹ አድናቂዎቿ አንዳንዶቹ ተቀየሟት፤ ለስላሳ ሆነች፣ ሸጠችን አሉ። አንዱ መንገድ ላይ አስቁሞ በግልጽ ነገራት። እሷ በትሕትና አዳመጠችውና፣ ቀረርቶው የራሴ ነበር፣ ይሄም የራሴ ነው፤ ሰው ሲጠብቅም ሲፎክርም አንድ ሰው ነው አለችው። ለሁለቱም እኩል ትደክም ነበር፤ ያን እመሰክራለሁ። "ምን ይዞህ ነው" የሚለውን ለማለት ያወጣችውን ትንፋሽ፣ የሞከረችውን አማራጭ የሰማሁ እኔ ነኝ። ቀላል የሚመስለው ዘፈን ነው ድምፅዋን የገደለው።

ገደለው ስል ቀልዴን አይደለም። ጥር ሲገባ ሠርጉ ይደራረባል። ዛሬ ዓለም ከተማ፣ ነገ ደብረ ብርሃን፣ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ። ድምፅዋ ከመጀመሪያውም ሻካራ ስለሆነ መጎዳቷን ማንም አላወቀ። እኔ ግን ትከሻዋን ስለማይ አወቅሁ። ትንሿን ስንኝ ለማለት ትከሻዋ ከአቅሙ በላይ ይነሣ ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ የድምፅ አውታሯ ላይ እባጭ እንዳለ፣ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገራት። እስከዚያ ድረስ እንኳን መዝፈን መናገርም ከለከላት።

ችግሩ መሐል ሜዳ ላይ ቃል ገብተን ነበር። የአገሯ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ መድረክ ሊያያት ሜዳው ተዘጋጅቷል፣ ፎቶዋ በየግድግዳው ተለጥፏል፤ ከራቤል ድረስ ሰው እየመጣ ነው። ይቅር ብንል ጊዜ የለም። አዘጋጆቹ ሲጨነቁ ብርቅነሽ በእጇ ወደ እኔ አመለከተች። ዘፈኖቹን ሁሉ አውቃለሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም። እኔም እምቢ አላልኩም። እንደምችል እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ጭጋጉ ተነሥቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሰዉ የሱፍ ባናውንና ጋቢውን ለብሶ ሜዳውን ሞልቶታል። አዘጋጁ ብርቅነሽ መታመሟን፣ የሺመቤት እንደምትዘፍን ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ልጃቸው ነኝ እኮ። ብርቅነሽ አፏን በሻርፕ ሸፍና ከኋላዬ፣ በእኔ ቦታ ቆመች። መዝፈን ባትችልም ታጨበጭባለች። ጋሽ ደምሴ ሊያግዙን ከደብረ ብርሃን መጥተው ከመድረኩ ጥግ ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣሁ፤ ደህና ነበር። ተቀባዮቹ ተቀበሉ። ሁለተኛውን አወጣሁ። ከዚያ ሦስተኛው ሲደርስ ዝም አልኩ። ረስቼው አይደለም፤ ግጥሙ አፌ ላይ ነው። እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ አንድ ድምፅ እንዲወጣ፣ እኔ እንድይዘው እየጠበቅሁ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከፊቴ ሄዶ ነው የተከተልኩት፤ ጉሮሮዬ ሌላ አያውቅም። ከፊቴ ደግሞ ሜዳውና ሰዉ ብቻ ነው። ኪቦርዱ መግቢያውን ደገመው። ሰዉ ሙዚቃው ለብቻው የሚሄድበት ቦታ መሰለው። እንደገና ደገመው። የሆነ ሰው ሳቀ። ሦስተኛውን ስንኝ ስጀምር ከፍ አድርጌ ጀመርኩና ድምፄ ተሰበረ። ብርቅነሽ ከኋላዬ ማጨብጨቧን አላቋረጠችም፤ እሷ ባጨበጨበች ቁጥር ግን እኔ ይበልጥ ወደ ኋላ ማዳመጥ ያዝኩ። ሌላ ዘፈን ሞከርን፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ሰዉ ክፉ አልነበረም፤ ማንም አልጮኸብኝም። ጋቢውን እያስተካከለ ቀስ እያለ ሄደ። እናቴ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሳትነሣ ቆየች፤ ይሄ ከሁሉም ከበደኝ።

ሰው ከሄደ በኋላ ጋሽ ደምሴ የመድረኩ ደረጃ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። አላጽናኑኝም። ዝም ስትዪ ምን ትሰሚ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው።

"አዎ፣ የሚመራ ሰው ከፊቱ ምንም የለም" አሉኝ። "ብርቅነሽ በየቀኑ የምትገባው እዚያ ውስጥ ነው። አንቺ ዛሬ ገብተሽ አየሽው። ከእንግዲህ ስትቀበያት ከየት እንደምትመጣ ታውቂያለሽ።"

ብርቅነሽ መናገር ስለማትችል መጥታ እጄን ይዛ ቁጭ አለች። እኔ ዳግመኛ ከፊት ቆሜ አልዘፈንኩም፤ ማንም እንድዘፍን አልጠየቀኝም። አልተጎዳሁም አልልም። መሐል ሜዳ ለመምጣት ለረጅም ጊዜ አፍሬያለሁ። ሥራዬን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው በትክክል የሠራሁት።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ድምፅዋ ግን የበፊቱ አልሆነም። እኔ ቤት ነበር ያረፈችው። ዝም ማለት የነበረባትን ጊዜ ሁሉ ዝም ብላ፣ እንድትናገር ሲፈቀድላት መጀመሪያ ያለችው ውኃ ስጪኝ ነው፤ ሁለታችንም በድምፅዋ ደነገጥን። ወፍራም ሆኗል፤ ወደ ታች ወርዷል። "መንገዱ ደረቀ"ን ልትዘፍን ሞከረችና መሐል ላይ ተወችው። ደግማ ሞከረች፣ ተወችው። ጋሽ ደምሴ መጥተው ዜማውን ተይው፣ ቃሉን ብቻ ንገሪኝ አሏት። ነገረቻቸው። አሁን ትንሽ አንቀሳቅሺው አሉ። እንደዚያ ትንሽ በትንሽ፣ ከንግግር ብዙም ሳይርቅ፣ ዘፈኑ እንደገና ተሠራ። በፊት ዘፈኑ ውስጥ ያለችው ለምን አልመጣህም ብላ የምትጣራ ልጃገረድ ነበረች፤ አሁን እንደማይመጣ እያወቀች የምትጠይቅ ሴት ሆነች። ጋሽ ደምሴ እጅጌያቸውን አስተካከሉ።

የኔም ሥራ ተገለበጠ። ድሮ ከእሷ በታች ነበር የምቀበለው፤ አሁን እሷ ከታች ስለሆነች እኔ ከላይ መሄድ ነበረብኝ፣ ያውም ሳልሸፍናት። እንደ አዲስ ነው የተማርኩት። በዓመቱ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ቃላችንን ልንሞላ መጣን። ብርቅነሽ ዝቅ ባለው ድምፅዋ ስትጀምር ሰዉ ለመስማት ወደ ፊት ተጠጋ። እኔም ከየት እንደምትመጣ አውቅ ስለነበር ቃሏን አንድም ጊዜ መሬት አላስነካሁትም። ስንጨርስ ሜዳው ሙሉ አጨበጨበ። የዚያን ቀን ሥራችን ከሠራነው ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ደብረ ብርሃን ቀበርናቸው። ካስተማሯቸው ሰዎች መሐል ከየቦታው ያልመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የመጣው። እኛ ሥራችንን ቀጠልን። ካሴቱ ቀረ፣ ሲዲው መጣ፣ እሱም ቀረ። ብርቅነሽ አንዳንድ ዓመት ትረሳለች፣ አንዳንድ ዓመት እንደገና ትታወሳለች። ገንዘቡን እንደ ጊዜው አገኘች፤ አጎብድዳ ግን አልዘፈነችም። ትንሽ ሠርግ ነው ብላ ትንሽ አድርጋ የዘፈነችበትን ቀን አላውቅም።

ባለፈው ጥር፣ እኔ ሥራ ካቆምኩ በኋላ፣ የወንድሟ ልጅ ዘመሮ ላይ ተዳረች። ብርቅነሽ በዘመድነቷ መጣች፤ እኔም በእንግድነት ተጠራሁ። ባንድ የለም፣ ማይክ የለም፤ ቀትር ላይ ነው፤ ዳሱ ሞልቷል። ሰዉ ካልዘፈንሽ አለ። ተነሣችና ያን የጥንቱን ቀረርቶ ጀመረች፤ እኔም እንደ ልማዴ ተነሥቼ ከኋላዋ ቆሜ ተቀበልኳት። ሁለት ስንኝ ያህል ብቻችንን ሄድን። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉ። አሮጊቶቹም፣ ሙሽሪትም፣ ወጥ ቤት ያሉትም፤ ሁሉም ያውቁታል። ድምፄ በድምፃቸው ውስጥ ጠፋ። እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ለውጥ አልነበረውም። ስለዚህ ዝም አልኩና በዳሱ ዳር ዞሬ ወደ ፊት ሄድኩ፤ ከእንግዶቹ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ሁሉ ዓመት አብሬያት ሠርቼ፣ ሰው ፊት ቆማ ስትዘፍን ፊቷን ከፊት ለፊት ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ስንኙ አልቆ ሴቶቹ ሲቀበሉ ፈገግ ትላለች። እነሱ ሊጨርሱ ሲሉ፣ የሚቀጥለውን ልታወጣ ስትል፣ ፈገግታው ይጠፋል። ዓይኖቿ ይጨፈናሉ፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት ነበር። ራሷን ተላጭታ የጮኸችው፣ ወንዶቹን ከአግዳሚ ያስነሣችው ብርቅነሽ ትፈራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየስንኙ። ከዚያ ዓይኗን ትገልጣለች፤ አፏን ትከፍታለች፤ ትገባለች።

ስትጨርስ አጠገቤ መጥታ ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች ተቀመጠች። የት ጠፋሽ አለችኝ። ከፊት ሆኜ እያየሁሽ ነበር አልኳት።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

ጥሩ ነው አልኳት። ጠላ ቀዱልን።